ርእሰ አንቀጽ፦ ስለ ሰውነታችንና ስለ ገበታችን

በግቢያችን ስለ ሰውነት ማጎልመሻ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት መልስ እንሰማለን። አንደኛው «ለጂም የምንከፍለው ገንዘብ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በዚህ ምግብ ምን ስፖርት ይሠራል?» የሚል ነው። ሁለቱም ያለ ምክንያት የሚነገሩ አይደሉም፤ የተማሪን ኪስ ከተማሪ በላይ የሚያውቀው የለም። ዳሩ ግን ሁለቱም አንድ ስሕተት በውስጣቸው ይዘዋል፤ ይኸውም ብርቱ ሰውነት ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ነው የሚለው ሐሳብ ነው። ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመውም በደሴና በኮምቦልቻ ባለን ኑሮ ላይ ቆመን ነው እንጂ በስልክ ላይ የሚታየውን የባዕድ አገር ጡንቻ አይተን አይደለም።

እስቲ ኑሯችንን እንመልከት። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከገጠር የመጣን ነን። ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት በእግራችን የሄድን፣ ውሃ የቀዳን፣ እንጨት የለቀምን፣ ከብት የጠበቅን ነን። ያን ጊዜ ስፖርት የሚባል ነገር አላስፈለገንም፤ ኑሮው ራሱ ስፖርት ነበረና። ዩኒቨርሲቲ ከገባን በኋላ ግን ነገሩ ከመኝታ ቤት ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ፣ ከዚያ ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ በመጨረሻም ስልክ ይዞ ወደ አልጋ ሆነ። በዚህ አኳኋን አራትና አምስት ዓመት ይቆያል። ከዚያ በኋላ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ወይም መምህር ተብሎ የሚወጣው ወጣት ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ የሚያለከልክ፣ ገና በሃያ አራት ዓመቱ ወገቡን ይዞ የሚነሣ ከሆነ፣ በገጠር ጤና ጣቢያና በግንባታ ቦታ ላይ እንዴት አድርጎ ሊሠራ ነው? የደም ግፊትና የስኳር በሽታም ቢሆን የባለጸጎች በሽታ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የሕክምና ተማሪዎቻችን በሆስፒታል የሚያዩትን ለሌሎቻችን ቢነግሩን እነዚህ በሽታዎች የሚያቆዩን እስክናረጅ ድረስ እንዳልሆነ እንረዳ ነበር።

«መሣሪያ ከሌለ ምን ይሠራል?» ለሚለው ወንድማችን አንድ ታሪክ እናስታውሰው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ብዙ የማይነገረው የቶኪዮው ነው። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ሁለተኛ የወጣው ሰው የደረሰው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። በዚያ መካከል ሌላ ሰው ቢሆን ወድቆ ይተኛ ነበር፤ አበበ ግን ወደ ሣሩ ገብቶ፣ ጋደም ብሎ እግሩን ወደ ላይ እያነሣ፣ እየታጠፈና እየተዘረጋ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። የክብር ዘበኛው ወታደር በእጁ ምንም አልያዘም፤ ሣርና የገዛ ሰውነቱ በቁት። ይህን ስንል ማጣት ክብር ነው ማለታችን አይደለም። በቶኪዮ አበበ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ጫማ የተገኘለት ሰው ጫማ ያድርግ። የምንለው ጫማው እስኪገኝ ድረስ ተቀምጦ መጠበቅ አይገባም ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ዕቃ ብቻውን እንደማይታመን ካየን ብዙ ዓመት አልሆነም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ከተሞቹ ኅዳር 27 ቀን ተመልሰው መያዛቸው እስኪነገር ድረስ፣ ከሆስፒታል እስከ ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ እስከ ዩኒቨርሲቲ ስንት ንብረት እንደተዘረፈና እንደተሰበረ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሰውነት ላይ የተማሩትን ግን ዘራፊ አይወስደውም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። በገዛ ክብደት የሚሠራ ስፖርት ሰነፍ የሚሠራው ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው አለ፤ እርሱ ሒሳቡን አላሰበም። በፑሽ አፕ ጊዜ እጃችን የሚሸከመው ከሰውነታችን ክብደት ከግማሽ በላይ ነው፤ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይጠጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ እያንዳንዱን ፑሽ አፕ ሲሠራ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም ያነሣል ማለት ነው። ጉልበቱን መሬት አስነክቶ ቢሠራው ሸክሙ ወደ ግማሽ ክብደቱ ይወርዳል። ቆሞ እጁን በግድግዳ ላይ ቢያደርግ ከዚያም ይቀላል፤ እግሩን አልጋ ላይ ሰቅሎ ቢሠራው ደግሞ ይከብዳል። ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው ትንሽ በሚበልጥ ሸክም ሲፈተንና ከዚያ በኋላ ዕረፍትና ምግብ ሲያገኝ ነው። ብረት የሚያነሣው ሰው ብረት ይጨምራል፤ ብረት የሌለው ሰው አቋሙን ይለውጣል፤ ዝግ ይላል፤ ከሁለት እግር ወደ አንድ እግር ይሸጋገራል። ቁጢጥ ብሎ መነሣት የቀለለው ሰው ወንበር ይዞ በአንድ እግሩ ይሞክረው፤ ያን ጊዜ ቀላል አለመሆኑን ይረዳል።

ስለዚህ ጀማሪ የሆነ ሁሉ በግድግዳ ይጀምር፤ አያፍርም። ዐሥራ ሁለቱን ያለ ችግር የሠራ ዕለት ወደ ወንበር ጠርዝ ይውረድ፤ ከዚያ ወደ መሬት። ከፑሽ አፑ ጋር ቁጢጥ ብሎ መነሣትን፣ ሆድንና ወገብን የሚያጠነክረውን ፕላንክ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሣትን ቢጨምር ለአንድ ዙር ይበቃዋል። ሦስት ዙር ቢሠራ ከሃያ አምስት ደቂቃ አያልፍም። የሚያስቸግረው ወደ ራስ የመሳብ ሥራ ነው፤ ለዚያ የሚንጠለጠሉበት ብረት ያስፈልጋል። አንዳንድ ወንድሞች በደራራቢው አልጋ ብረት ላይ ሲንጠለጠሉ እናያለን፤ ታች ለተኛው ሰው እንዲያዝኑለት እንለምናቸዋለን። የእግር ኳስ ግብ አግዳሚም ቢሆን ምሰሶው መሬት ውስጥ በሚገባ የተተከለ መሆኑን ሳያዩ አይነካም፤ ያልተተከለ ግብ ተገልብጦ ሰው ይገድላል።

የምንኖርበትን ቦታ ጠባይ ማወቅም ይገባል። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አንድ ጊዜ በምንስበው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ፣ ሐረጎን አልፎ ኮምቦልቻ የደረሰ ሰው ግን 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ጉድለቱም ወደ አንድ አምስተኛ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። ስለሆነም ከአፋር፣ ከጋምቤላ፣ ከመተማ ወደ ደሴ ግቢ የተመደበ ተማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው ሰነፍ ነው ብሎ መሳቅ ያላዋቂ ሥራ ነው። ሰውነቱ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ያበዛል፤ በዝግታ ይጀምር። የኮምቦልቻ ተማሪ ደግሞ ቀትር ላይ ከመሮጥ ይልቅ ማለዳውን ወይም ወደ ማታ ያለውን ቢመርጥ፣ ውሃም ይዞ ቢወጣ ይሻለዋል። ከዚህ በቀር ደሴ ራስዋ ሰፊ ጂም ናት። ከፒያሳ ወደ ላይ ወደ ታች ሳይባል የሚደረስበት ሰፈር ብዙ አይደለም። ባጃጅ የሚከፈለውን ብር አስቀርቶ ዳገቱን በእግር የሚወጣ ተማሪ ሳያስበው ልቡንና ሳንባውን ያሠለጥናል።

ስንት ይበቃል የሚል ጥያቄ ይነሣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ሁለት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲደረግ ይመክራል። 150 ደቂቃ ለሰባት ቀን ቢካፈል በቀን ሃያ አንድ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ይህን ያህል ጊዜ በስልክ ላይ ሳናውቀው የሚጠፋ መሆኑን መካድ አይቻልም።

አሁን ወደ ሁለተኛው መልስ፣ ወደ ምግቡ እንምጣ። በዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንድንጽፍ ይፈቀድልን፤ የምንጽፈው በወሎ ምድር ነውና። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከሰሜን ወደ ደሴ በሚመጣው አውራ ጎዳና ዳር ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ወገኖች ምግብ እየጠበቁ ያልቁ ነበር። ያን ረሃብ አንሸሽግም ብለው በፎቶግራፍ ለሕዝብ ካሳዩት መካከል የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ይገኙበታል። ይህን የሚያስታውሱ አያቶች ዛሬም በየቤታችን አሉ። በእነርሱ አፍ «ወፈርሽ» ምስጋና ነው፤ «ከሳህ» የሐዘን ቃል ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር የመጣውን የአመጋገብ ምክር እንዳለ ገልብጦ «አነስ አድርጋችሁ ብሉ» ብሎ በዚህ ግቢ መስበክ ነውር ነው እንላለን። ከመካከላችን የሚበዛው ተማሪ ችግሩ ብዙ መብላት አይደለም። ችግሩ ቁርሱን ዘልሎ እስከ ምሳ መቆየቱ፣ ኖን ካፌ የሆነው ገንዘቡ በወሩ አጋማሽ አልቆ በሻይና በዳቦ መሰንበቱ፣ የበላውንም ምን እንደሆነ ሳያውቅ መዋጡ ነው። ልብ ብሎ መብላት ማለት ትንሽ መብላት ማለት አይደለም። በሰዓቱ፣ በሚበቃ መጠንና እያወቁ መብላት ማለት ነው።

ይህ ነገር በተለይ እህቶቻችንን ይመለከታል። የወሎ ሴት በቁንጅናዋ ትነሣለች፤ ዘፈኑም ወሬውም ስለ እርስዋ ነው፤ አሁን ደግሞ በስልክ የሚመጣው ምስል ቀጭን ወገብ ጨመረበት። በዚህ መካከል ራት መተውን እንደ ጥበብ የምታይ ተማሪ እየበዛች ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት ከወንድ ይበልጥ ብረት የሚባለው ማዕድን ያስፈልጋታል፤ ራት በመተው የሚመጣው ወገብ ሳይሆን ደም ማነስና ክፍል ውስጥ ማንቀላፋት ነው። ወንዶቹም ከወቀሳ ነጻ አይደለንም። ስለ እህቶቻችን ውፍረትና ቅጥነት በምግብ አዳራሽ ሰልፍ ላይ ሆኖ የሚሰነዘረው ቀልድ ቢቀር ማንም የሚጎዳ የለም።

«በዚህ ምግብ» እየተባለ የሚናቀው ምግባችን ምን እንደሆነ ደግሞ እንመርምር። ጤፍ ብረትና ካልሲየም ያለው እህል ነው፤ ሊጡ ሲቦካ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። የእህል ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ይጎድለዋል፤ በሽሮና በምስር ውስጥ ግን ላይሲን ሞልቷል፤ ሽሮውና ምስሩ የሚጎድላቸውን ደግሞ እህሉ ይሞላል። እናቶቻችን ይህን ቃል ሳይሰሙ እንጀራንና ሽሮን በአንድ ገበታ ላይ አገናኝተዋል። እንግዲህ በቆርቆሮ የታሸገ የፕሮቲን ዱቄት ካልጠጣሁ ጡንቻ አላወጣም የሚል ወንድም መጀመሪያ በምግብ አዳራሽ የሚሰጠውን ክክና ምስር ጨርሶ ይብላ። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ሰኞ ገበያ ወርዶ ጥቂት ቆሎ፣ ሽምብራና ለውዝ ገዝቶ ቢያስቀምጥ ከታሸገው ዱቄት ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይሆንም። ሽሮው ጎድሎት የሚቀርብ ነገር ካለ እርሱ አትክልት ነው፤ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ የጨመረበት ሰው የእህሉን ብረት ሰውነቱ ይበልጥ እንዲወስደው ያደርጋል።

ከዚህ ጋር አንድ ልማዳችንን መንካት ግድ ይሆንብናል፤ ይኸውም ከምሳ ላይ ተነሥቶ ወዲያው ሻይና ቡና መጠጣት ነው። በሻይና በቡና ውስጥ ያለው ነገር የምግቡን ብረት ይይዘዋል። የወሎን ቡና አቦል ቶና በረካ ብሎ ሦስቱንም የማይጠጣ ሰው እንደሌለ እናውቃለን፤ ተዉት የሚልም ከእኛ መካከል አይገኝም። ከምግቡ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ ግን ቡናውም አይቀር፣ ብረቱም አይባክን።

ጾምም ለዚህ ሥራ እንቅፋት አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረመዷንም አንድ ወር ነው፤ በወሎ ሁለቱን በአንድ ዶርም ውስጥ የሚጾሙ ጓደኛሞች ብርቅ አይደሉም። የሁዳዴ ጿሚ ከጥራጥሬው እንዳይርቅ፣ የረመዷን ጿሚ ደግሞ ከባዱን ሥራ ከኢፍጣር በኋላ እንዲያደርገው፣ ቀን ላይ ቀላል እርምጃ እንዲበቃው እንመክራለን። እንዲያውም ሰው እያወቀ መብላትን የሚማረው በጾም ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጣዕም የማያስተውል ጿሚ የለምና።

ችግሩ በሌላው ቀን ነው። በምግብ አዳራሽ ውስጥ ትሪ ይዞ ተቀምጦ በግራ እጁ ስልክ እየነካ በሰባት ደቂቃ የሚጨርሰው ብዙ ነው። ሆድ መጥገቡን ለአንጎል እስኪያስታውቅ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በሰባት ደቂቃ የጨረሰ ሰው ወይ ከሚበቃው በላይ ይበላል፣ ወይም ጠገብሁ ሳይል ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ብስኩት ይፈልጋል። በአንድ ገበታ ዙሪያ መብላት ግን በጨዋታና በጉርሻ ምክንያት ራሱ ዝግ ያደርጋል። እኛ የምንለው ቢያንስ በራት ጊዜ ስልኮቹ በኪስ ይሁኑ ነው። «በሞቴ» እየተባለ ከጠገበ በኋላ የሚጎረሰውን ሰው ግን እንዴት እንደምናድነው አላወቅንም፤ ፍቅር ነውና።

ስለ ጫትም ዝም ማለት አይገባም። በወሎ ሽማግሌዎች በዱዓና በወዳጃ ላይ የሚቅሙት ጫት የራሱ ሥርዓትና ክብር ያለው ነው፤ በዚያ ላይ አንናገርም። የምንናገረው በፈተና ሰሞን ከቀትር ጀምሮ ለጥናት ተብሎ ስለሚቃመው ነው። ጫት ረሃብን ያጠፋል፤ እንቅልፍን ያባርራል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ያጠፋው ረሃብ ግን የሰውነት ፍላጎት ነበረ፤ ያባረረው እንቅልፍም ያጠናነውን በአእምሮ የሚያስቀምጠው ነበረ። ምሳ የበላ፣ ራት ያልበላና ያልተኛ ተማሪ ፈተና ክፍል ገብቶ እጁ ሲንቀጠቀጥ አስተማሪዎቻችን በየዓመቱ ያዩታል።

ወደ አስተማሪዎቻችን ካነሣን አይቀር፣ ሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት የሚሰጥ ትምህርት ላይ በመካከሉ አምስት ደቂቃ ቆመን እንድንፍታታ ቢፈቅዱልን ትምህርቱን በተሻለ ልብ እንደምንሰማ በአክብሮት እናመለክታለን። እነርሱም አብረውን ቢቆሙ አንጠላም። ብዙዎቹ ወገባቸውን ሲይዙ አይተናል።

የተማሪዎች ኅብረት በበኩሉ ሊሠራው የሚችል ነገር አለ። በሁለቱም ግቢ ሜዳው በወንዶች እግር ኳስ ተይዟል፤ ሴት ተማሪ በዚያ መካከል ገብታ ቁጢጥ ብላ ስትነሣ ማየት አልተለመደም፤ የሚሳቅባት፣ በስልክ የምትቀረጽ ይመስላታል፤ አንዳንድ ጊዜም እውነት ነው። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ለሴቶች ብቻ የሚሆን የተዘጋ አዳራሽ ያስፈልጋል። ወንበሩ ወደ ዳር ቢሰበሰብ ሌላ ዕቃ አይጠየቅም፤ ምንጣፍ ያላት ምንጣፏን፣ የሌላት ጋቢዋን ይዛ ትመጣለች። የስፖርት ሳይንስ ወይም የጤና ተማሪ የሆነች እህት ብትመራው ደግሞ ጀማሪዎቹ ወገባቸውን ሳይጎዱ ይማራሉ። የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የቆየ ስብራት ያላት ከመጀመርዋ በፊት ወደ ግቢው ክሊኒክ ጎራ ትበል።

አዳራሹ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ባዶውን እንደሚቆም በሁለቱም ግቢ ያለ ተማሪ ያውቃል። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለና በምን ደብዳቤ እንደሚጠየቅ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ አጣርቶ መልሱን በሚቀጥለው እትም እንዲሰጠን እንጠብቃለን።